ስለ ጠላና ስለ ጠጅ፤ ጥፋቱ የጋኑ ነው ወይስ የውሃው?

ከአውራ መንገድ ወደ ሠፈር ውስጥ በሚገባ ጠባብ መተላለፊያ አጠገብ ረጅም እንጨት ተተክሎ በጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበት ያየ ሰው፥ ማንንም ሳይጠይቅ በዚያ ቤት ጠላ መኖሩን ያውቃል። ይህ ምልክት ፊደል ለቈጠረውም ላልቈጠረውም እኩል የሚነበብ ስለሆነ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። እኛ ግን የጤና ጥበቃ ሥራችንን በጀመርንበት ዓመት ይህን ጣሳ ባየን ቍጥር ከበሽታ ምልክት ለይተን አናየውም ነበር። ከውጭ አገር ትምህርታችንን ፈጽመን ስንመለስ በሻንጣችን ብዙ መጻሕፍት፥ በልባችንም ብዙ ፍርድ ይዘን መጥተን ነበርና።

በዚህ ወር ዕትም ስለ ጠላና ስለ ጠጅ ለመጻፍ የተነሣንበት ምክንያት ከዚያ ፍርድ አንዱ ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ፥ ስሕተቱም በአንዲት ድኻ ባልቴት ላይ ጉዳት ስላደረሰ ነው። ነገሩ ለክቡራን መምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የሚጠቅም መስሎ ስለታየን ሳንሸሽግ እንገልጸዋለን።

ሥራ በጀመርንባት የደጋ ከተማ በሐምሌ ወር አንድ ተዝካር ተደግሶ ነበር። ከድግሱ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ ከተጠሩት ሰዎች መካከል አያሌዎቹ ቀን በቀን እየጨመረ የሚሄድ ትኵሳት፥ ራስ ምታትና የሆድ ሕመም እየያዛቸው ይተኙ ጀመር። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ በሽታው የአንጀት ተስቦ፥ በሐኪሞች አጠራር ታይፎይድ የሚባለው መሆኑ ታወቀ። ለተዝካሩ ከቀረበው ጠላ ከፊሉ የተገዛው በሠፈሩ ከሚኖሩ አንዲት ጠላ ሻጭ ባልቴት ቤት መሆኑን ስንሰማ ሌላ ጥያቄ ሳንጠይቅ ወደዚያው ሄድን።

በቤቱ ማዕዘን አፉ በጭቃና በእበት የተመረገ ትልቅ ጋን ቆሟል። ከጎኑ የተወቀጠ ጌሾ፥ በእጅ የተቈራረሰ ቂጣ፥ ከጢስ ብዛት የጠቈረ ሌላ ጋን አለ። ይህ ሁሉ በተማርንበት አገር ከጐበኘነው፥ ወለሉ በየሰዓቱ ከሚታጠብ የቢራ ፋብሪካ ጋር ሲነጻጸር ለዐይናችን ምን መስሎ እንደታየን አንባቢ ሊገምት ይችላል። ጋኑ ተከፍቶ እንዲደፋ አዘዝን። ባልቴቲቱም ነጠላቸውን አደግድገው፥ «ጌታዬ፥ ይህ እኮ ገና ድፍድፍ ነው። ከዚህ ጋን እስካሁን አንድ ሰው አልቀመሰም። ገብሱንም ያመጣሁት በዱቤ ነው» አሉን። እኛ ግን፥ «እትዬ፥ ይህ የሕዝብ ጤና ጕዳይ ነው» ብለን ከመመለስ በቀር የተናገሩትን አላመዛዘንነውም። ጋኑ ከደጃፉ ባለው ቦይ ውስጥ ተደፋ፤ በእንጨቱ ጫፍ የነበረውም ጣሳ ወረደ።

በነሐሴ አጋማሽ አዲስ በሽተኞች መጡ። ከነዚህ መካከል ከባልቴቲቱ ቤት ምንም ያልጠጡ ነበሩ። ይልቁንም ከአንድ ቤት የመጡ ሁለት ወንድማማቾች በእስልምና ሃይማኖታቸው ምክንያት ጠላ ከቶ የማይቀምሱ ናቸው። ያን ጊዜ ቤት ለቤት እየዞርን መጠየቅ ጀመርን፤ ይህንም አስቀድመን ልናደርገው ይገባ ነበር። በሽተኛ የተገኘባቸው ቤቶች ሁሉ ውሃ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት የተቈፈረ የመጸዳጃ ጕድጓድ በክረምቱ ጐርፍ ሞልቶ ወደ ምንጩ ይወርድ ነበር። ለተዝካሩ የተሸጠውም ጠላ ሊወጣ ሲል የቀጠነው በዚሁ ውሃ ነው። ባልቴቲቱ የነገሩን እውነት ነበር፤ እኛ የደፋነው ድፍድፍ ማንንም አላሳመመም።

ይህ ነገር ይበልጥ ያሳፈረን በተማርንበት በለንደን ከተማ የዚህኑ ጕዳይ ሌላ ገጽ አጥንተን ስለነበረ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1854 ዓ. ም. ሶሆ በተባለው ሠፈር በብሮድ ጎዳና ዙሪያ ኮሌራ ተነሥቶ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን ቤት እየዞረ ጠይቆ መነሻው በጎዳናው ላይ ያለው የውሃ ፓምፕ መሆኑን ስለተረዳ፥ ሹማምንቱን አስረድቶ ሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል አደረገ። በፓምፑ አቅራቢያ አንድ የቢራ መጥመቂያ ነበር። በውስጡ ከሚሠሩት ከ70 በላይ ሰዎች መካከል በኮሌራ ክፉኛ የታመመ አንድም አልተገኘም። ባለቤቱ ለስኖው እንደገለጸለት ሠራተኞቹ የድርሻቸውን ቢራ ስለሚያገኙ ከመንገዱ ፓምፕ አይጠጡም፤ መጥመቂያውም የራሱ የውሃ ጕድጓድ ነበረው። ዛሬ በዚያ ጎዳና የፓምፑ አምሳያ ቆሞ ይታያል፤ አጠገቡም በጆን ስኖው ስም የተሰየመ ቢራ ቤት አለ። ስኖው ራሱ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ከአልኮል መጠጥ ርቆ የኖረ ሰው ስለሆነ በዚህ ክብር ምን ይል እንደነበረ ማወቅ ያስቸግራል።

እንግዲህ በለንደን ቢራ ጠጪዎቹ ሲድኑ በኛ ከተማ ጠላ ጠጪዎቹ የታመሙበት ምክንያት ምንድን ነው? ምክንያቱ በአሠራራቸው ላይ ነው። የፈረንጅ ቢራ ሲጠመቅ የብቅሉ ጭማቂ ሆፕ ከሚባለው መራራ ተክል ጋር ከነውሃው ይንተከተካል፤ እርሾው የሚገባበት ከዚያ በኋላ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ በቢራው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ በእሳት አልፏል ማለት ነው። በጠላ ግን እሳት የሚነካው እህሉን እንጂ ውሃውን አይደለም።

የጠላን አሠራር እናቶቻችን ከኛ ይልቅ ያውቁታል። ሆኖም መምህራን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱት ስለምንሻ ነገሩን በየደረጃው እንመልከተው። ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ቅጠል ተደጋግሞ ይታጠባል፤ ቀጥሎም በወይራ እንጨት ፍም ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ይህን ጢስ እኛ ለሽታ ብቻ የሚደረግ አድርገን እንቈጥረው ነበር። ነገር ግን ሙቀቱ የጋኑን ውስጥ ያደርቃል፤ በጢሱ ውስጥ ያሉት ቅመሞችም የብዙ ጀርሞችን መራባት ይገታሉ። ቀጥሎ የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ይቈያል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ከዚያም የተፈጨ ብቅልና የተቈራረሰ ቂጣ ይጨመርበታል። ብቅል የሚባለው ረጥቦና በቅሎ የደረቀ ገብስ ወይም ስንዴ ሲሆን፥ በመብቀሉ ጊዜ በውስጡ የሚፈጠር አንድ ቅመም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳርነት ይለውጣል። ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የኬሚስትሪ ዐዋቂዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1833 ዓ. ም. ይህን ቅመም ከብቅል ለይተው አወጡት፤ የኛ ሴቶች ግን ስሙን ሳያውቁ ሲሠሩበት ኖረዋል። በመጨረሻም ተቈልቶና ተፈጭቶ በምጣድ ላይ የታመሰው እንኵሮ ይገባል፤ ይኸን ጊዜ ወፍራሙ ድፍድፍ ይሆናል። ቅደም ተከተሉና የቀኑ ብዛት ከአገር አገር፥ ከቤትም ቤት ይለያያል።

ድፍድፉ ከተመረገ በኋላ በጋኑ ውስጥ የሚሠራው ባልቴቲቱ ሳይሆኑ እርሾው ነው። በጌሾውና በእህሉ ላይ፥ በጋኑም ቀዳዳዎች ውስጥ የሚኖር ይህ በዐይን የማይታይ ፍጡር ስኳሩን እየበላ አልኮልና አየር ያወጣል። ከእርሱ ጋር አብረው የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ላክቲክ አሲድ የሚባለውን ኮምጣጣ ነገር ያወጣሉ። አፉ ላይ ያለው ምርጊት የውጭው አየር እንዳይገባ ስለሚከላከል ጠላው ሆምጣጤ እንዳይሆን ያደርገዋል። እኛ በመጀመሪያው ቀን የነቀፍነው ይህ ምርጊት ነበር። እርግጥ እበቱ ቀርቶ በንጹሕ ጭቃ ወይም በሊጥ ቢመረግ የተሻለ ነው፤ አሳቡ ግን ከኛ ነቀፋ ይልቅ ትክክል ነበር። ብዙ ቀን በአሲድና በአልኮል ውስጥ የቈየ ጀርም ኀይሉ ይደክማል፤ አብዛኛውም ይሞታል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። ድፍድፉ ወፍራም ስለሆነ እንዲሁ አይጠጣም። ሊጠጣ ሲል፥ አንዳንዴ ዋዜማውን፥ በጠላ ሻጮች ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት ጠዋት ውሃ ይጨመርበትና ይጠለላል። ይህ ውሃ ጥሬ ነው። ከገባም በኋላ አሲዱንና አልኮሉን ያቀጥነዋል። በተጠለለው ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 6 ስለሆነ የታይፎይድን ጀርም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድል አይችልም። ስለዚህ ባልቴቲቱ ለሁለት ሳምንት የደከሙበትን ሥራ የመጨረሻዋ እንስራ ውሃ በአንድ ጠዋት ታበላሸዋለች። ከአተላው ላይ እንደገና ውሃ እየተጨመረ የሚወጣው ቅራሪ ደግሞ ከዋናው ጠላ የቀጠነ ስለሆነ አደጋው ይብሳል፤ በየቤቱ ለሕፃናት የሚሰጠውም እርሱ ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ ወደ ባልቴቲቱ ቤት ተመልሰን ሄድን። ስሕተት መሥራታችንን ነገርናቸው፤ የገብሱንም ዕዳ ከደመወዛችን ከፈልን። ያመለጣቸውን የአንድ ወር ገበያ ግን ልንመልስላቸው አልቻልንም። እርሳቸውም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ሳይናገሩ ዱካ አቅርበው አስቀመጡን። የመጨረሻው ውሃ ፈልቶ ቀዝቅዞ ይግባ ስንላቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የፈላ ውሃ የሞተ ውሃ ነው፤ ጠላዬን ያበላሽብኛል። ደንበኛዬ አንድ ቀን ከቀረ እንደሆነ አይመለስም» አሉ። ይህ የባልቴት ተረት ነው ብለን ለማለፍ ከአፋችን ደርሶ ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ባለመስማታችን የሆነውን አስታወስን።

ስለዚህ ነገሩን በመቅመስ ለመፍረድ ተስማማን። ከአንድ ጋን ድፍድፍ ተከፍሎ በሁለት እንስራ ተደረገ። በአንዱ ፈልቶ ያደረና የቀዘቀዘ ውሃ፥ በሌላው ከማያጠራጥር ጥልቅ ጕድጓድ የመጣ ያልፈላ ውሃ እኩል ተለክቶ ተጨመረ። የየትኛው እንስራ ምን መሆኑን የምናውቀው እኛ ብቻ ስንሆን፥ ምልክቱን በከሰል ከሥራቸው ጽፈን ነበር። ቀማሾቹ ሁለት መምህራን፥ አንድ መሪጌታ፥ ከሌላ ሠፈር የመጡ ሁለት ጠላ ሻጮችና ባልቴቲቱ ራሳቸው ናቸው። መምህራኑ ልዩነት አላገኘንበትም አሉ። መሪጌታው ደግመው ደጋግመው ከቀመሱ በኋላ ለመፍረድ ገና ጥቂት እንደሚያስፈልጋቸው ገለጹ። ሁለቱ ጠላ ሻጮች በየበኩላቸው የተለያየ እንስራ መረጡ። ባልቴቲቱ ግን ሳያመነቱ አንዱን ጠቁመው፥ «ይህ ነው ሕያው ውሃ የገባበት፤ ጣዕሙ ይለያል» አሉ። እንስራው ሲገለበጥ የፈላው ውሃ የገባበት ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የሳቁት እርሳቸው ነበሩ።

በሙሉ ግን ተሳስተው አልነበረም። በሌላ ጊዜ አንዲት ጠላ ሻጭ ምክራችንን ሰምተው ውሃውን ገና ትኵስ ሳለ ቢጨምሩት ጠላው ጣዕሙን አጥቶ የሚገዛው ጠፋ። የፈላ ውሃ በውስጡ ያለው አየር ስለሚወጣ እንደ ቀዘቀዘ ወዲያው ቢቀመስ እውነትም ድብን ያለ ጣዕም አለው። ይህን ለማስቀረት ሌሊቱን ተከድኖ ካደረ በኋላ ጠዋት ከንጹሕ ዕቃ ወደ ንጹሕ ዕቃ ከፍ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ማንቆርቆር ነው። የአፈላሉን ነገር በተመለከተ ደግሞ የደጋ ሰው ማወቅ የሚገባው ነጥብ አለ። ከፍታው በጨመረ መጠን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይንተከተካል። ስለዚህ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መቈየት አለበት። እንጨት የቸገረው ሰው ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተዘጋጀውን የክሎሪን መድኃኒት በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ ቢያቈየው ያገለግለዋል።

ስለ መቅመስ ከተነሣ ዘንድ ምላስ የሚያውቀውንና የማያውቀውን መለየት ይገባል። ጥሩ ጠላ ሲቀዳ ሽታው የጢስና የተቈላ ገብስ ነው። ጌሾው በጉሮሮ ላይ ጥቂት መረር ብሎ ይቀራል፤ ኮምጣጣነቱም አፍን የሚያነቃ እንጂ ጥርስን የሚያጠርስ አይሆንም። የሆምጣጤ ሽታ ካለው ምርጊቱ አየር አስገብቷል። ሻጋታ ከሸተተ ጋኑ በደንብ አልታጠበም ወይም ሳይደርቅ ታጥኗል። ይህን ሁሉ አንድ ባልትና የምታውቅ ሴት በአንድ ጕንጭ ትፈርዳለች። የታይፎይድ ጀርም ግን ሽታም ጣዕምም ቀለምም የለውም። በዚያ ተዝካር ላይ የቀረበው ጠላ፥ ከታመሙት ሰዎች አንደበት እንደሰማነው፥ እጅግ የሚጥም ነበር።

የጠጅ ነገር ከዚህ ይለያል። አንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ያህል በሆነ ውሃ ይበጠበጥና ሰፈፉ ተገፎ ጌሾ ገብቶበት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይቈያል። ውሃው የሚገባው በመጀመሪያ ስለሆነ ከማሩ ጋር አብሮ ይፈላል፤ አልኮሉም ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ7 እስከ 11 ይደርሳል። ስለዚህ ከጠላ ይልቅ ራሱን ይጠብቃል፤ ሻጩ ለማብዛት ሲል በኋላ ውሃ ካልጨመረበት በቀር። ጥንካሬው ግን በጣፋጭነቱ ስለሚሸፈን እንደ ብርዝ የሚጠጣው ሰው ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። በማር ፋንታ ስኳር እየጨመሩ ብጫውን ለማምጣት ቀለም የሚነክሩም አሉ። ስኳሩ ገዢውን ያታልላል እንጂ አይመርዝም፤ ለምግብ ያልተፈቀደ ቀለም ግን ወንጀል ነው።

የጠጅ ዋናው ችግር ብርሌው ነው። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፤ ብዙ ጊዜም በውሃ ተንሿሽቶ ብቻ ለሚቀጥለው ጠጪ ይቀርባል። በጠላ ቤትም አንድ ባልዲ ውሃ ከጠዋት እስከ ማታ ጣሳ ሲነከርበት ይውላል። ሦስት ዕቃ ይዘጋጅ፤ በመጀመሪያው በሳሙና ማጠብ፥ በሁለተኛው ማለቅለቅ፥ በሦስተኛው ክሎሪን ባለበት ውሃ ነክሮ በወንፊት ላይ ደፍቶ ማንጠፍጠፍ። በጨርቅ መወልወል አያስፈልግም፤ ጨርቁ ራሱ ከጣሳው ይበልጥ ያደፈ ነውና። ለብርሌ ረጅም እጀታ ያለው የጠርሙስ ብሩሽ ይገዛ። የሚቀዳው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ትኵሳት የያዘው ወይም ተቅማጥ ያለበት እስኪድን ድረስ አይቅዳ።

መምህራን የባልቴቲቱን ቅምሻ በየትምህርት ቤታቸው እንዲደግሙት እንለምናለን፤ በጠላ ሳይሆን በውሃ። የፈላና ያልፈላ ንጹሕ ውሃ በሁለት ጠርሙስ አድርገው ተማሪዎቹ ለይተው እንዲያውቁ ቢጠይቋቸው፥ ከልጆቹ መካከል እናታቸው ጠላ በመሸጥ የምታሳድጋቸው ብዙዎች ስለሆኑ ነገሩ በዚያው ቀን ወደ ጓዳ ይደርሳል።

የማገዶው ወጪ እስከ ዛሬ ያልተፈታ ጕዳይ ነው። ባልቴቲቱ ማታ እንጀራ ጋግረው ሲያበቁ እሳቱ ሳይጠፋ ጥቂት ፍልጥ ጨምረው ለነገ ጠላ የሚሆነውን ውሃ ያፈላሉ፤ ለብቻው እሳት ከማንደድ ይህ ይቀላቸዋል። የጨመሩትን የእንጨት ዋጋ በጣሳው ላይ ቢያደርጉት ገዢ ወደ ጎረቤት ስለሚሄድባቸው ከራሳቸው ትርፍ ይቀንሱታል። ከምንጩ በላይ የነበረው የመጸዳጃ ጕድጓድ ተደፍኗል፤ ምንጩ ግን ገና በግንብ አልተከለለም። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሠፈር ስናልፍ ጣሳው በእንጨቱ ጫፍ ላይ ተደፍቶ አየነው።